ጋቢና የሌላት ቮልስ

ወዳጄ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላስይዝህ፤ እኔ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። ጅን ያዘው፣ ዛር ሰፈረበት፣ ቡዳ በላው ሲባል እየሰማሁ ያደግኩ የጎንደር ልጅ ብሆንም አንዱንም አምኜ አላውቅም፣ እንዲያውም በእኛ በአስተማሪዎቹ ማረፊያ ክፍል እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ከሁሉም ቀድሜ የምስቀው፣ "ስንት ሰዓት ላይ ነበር? ከአንተ ሌላ ማን አየ? ጠጥተህ ነበር?" እያልኩ ባለወሬውን አፋጥጬ የማሳፍረው እኔ ነበርኩ። አሁን አንተም እነዚያኑ ጥያቄዎች ልትጠይቀኝ ነውና አስቀድሜ ልመልስልህ፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነው፣ ከእኔ ሌላ ያየ የለም፣ መጠጥ ደግሞ ወላሂ በዕድሜዬ ቀምሼ አላውቅም።

ነገሩ የሚጀምረው ከመኪና ነው። ያን ጊዜ ሞባይል ጎንደር ከገባ ብዙ አልቆየም፣ ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድም ገና አስፋልት አላየም፣ ድንጋይና አፈር የሆነ ፒስታ ነበር። እኔ ኮሶዬ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብኩ፣ እናቴ ደግሞ ጎንደር ነች። ስኳር በሽታ ዓይኗን ወስዶባታል፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ ከእኔ ሌላ አብሯት የሚኖር ሰው የለም፣ ጠዋትና ማታ መርፌዋን የምወጋትም እኔው ነኝ። ጎረቤት አይወጋትም ወይ ብትለኝ፣ አንዴ ሞክረን መጠኑን አሳስተው ልትሞትብኝ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ከእኔ እጅ ሌላ እሺ አትልም። ስለዚህ ኮሶዬ ቤት ተከራይቼ መኖር አልችልም፤ ጠዋት ወግቻት ሄጄ፣ ማታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት መመለስ አለብኝ። በአውቶቡስና በጭነት መኪና አንድ ወር ሞከርኩት፣ ሁለት ቀን አመሸሁ፣ በሁለተኛው ቀን ስደርስ ወለሉ ላይ ተዘርራ አገኘኋት። ከዚያ በኋላ የአባቴን የሱቅ ድርሻ ለአጎቴ ሸጬ መኪና ለመግዛት ወሰንኩ።

ከፒያሳ ዝቅ ብሎ አያ ሙጬ የሚባሉ የዳባት ሰው ጋራዥ ነበራቸው። ከተማ ውስጥ አርባ ዓመት ቢቀመጡም አነጋገራቸው የገጠሩ ነው። ለእኔ አቅም የሚሆኑ ሁለት ያረጁ መኪኖች ነበሩ፣ አንዷ ትንሽ የጣሊያን መኪና፣ ሌላዋ ቮልስ፣ እኔ ደግሞ ልቤ ጣሊያኗ ላይ ነበር፣ ቀይ ስለሆነች ነው፣ ከዚያ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

"ሸጋ ናት፣ ዳሩ ውሃ ትጠጣለች" አሉኝ አያ ሙጬ። "ኮሶዬ አቀበት ላይ በየቀኑ ትፈላብሃለች። አንተ እናትህ ዘንድ ልትደርስ ነው ወይስ ማኪና ውሃ ልታጠጣ? ቮልሷን ውሰድ። ሞተሯን የሚያበርደው ነፋስ ነው፣ ራዲያተር የላት፣ የሚፈላ ነገር የላት። ጧት ተነሥተህ ቁልፉን ማዞር ብቻ ነው።"

ቮልሷ የቆመችው እትዬ ጥሩ የሚባሉ ባልቴት ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ነበር። ባለቤታቸው ድሬሰር ደስታ በዚያ ደጋ ሁሉ ዕድሜውን ሙሉ መርፌ ሲወጋ፣ ቁስል ሲያጥብ፣ ምጥ የያዛትን ሲያዋልድ የኖረ ሰው ነበር፣ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። መኪናዋን ከፍቼ ሳይ ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር፣ ጋቢናው ማለቴ ነው፣ የለም። በቦታው ከፊት እስከ ኋላ ረጅም ሳንቃ ተዘርግቶ የበሬ ቆዳ ተነጥፎበታል።

"በሽተኛ የሚያስተኛበት ነው" አሉኝ እትዬ ጥሩ። "ቃሬዛ ይዘው መንገድ ላይ ይጠብቁት ነበር፤ ከቃሬዛው አንሥቶ እዚያ አጋድሞ ነው ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው። ምነው፣ እንዳለ ቢቆይልህስ ልጄ?"

"እትዬ፣ እኔ አስተማሪ ነኝ፣ በሽተኛ አልጭንም" አልኳቸው እየሳቅኩ። ያቺን ሳቄን ዛሬም ሳስታውሳት ታሳፍረኛለች።

አያ ሙጬ መኪናዋን ለየዕለት ጉዞ እንድትሆን አድርገው እንደ አዲስ አደራጇት ብል አላጋነንኩም። የድሮው ኤሌክትሪኳ ስድስት ቮልት ስለነበር መብራቷ ከሻማ አይሻልም፣ ዲናሞውን ቀይረው አሥራ ሁለት አደረጉት፣ ለፒስታው ብለው ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ ጎማዎቿን በወፍራም ለወጡ፣ ለኮሶዬ ብርድም ከሞተሩ ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያመጡትን፣ ተደፍነው የኖሩትን ቱቦዎች ከፈቱልኝ። በመጨረሻ ሳንቃውን አውጥተው ከሌላ መኪና የተፈታ ጋቢና ገጠሙ፤ እሱን ያዘዝኩት እናቴን ዓርብ ዓርብ ወደ እህቷ ቤት ልወስድበት ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ኮራሁባት። አውቶቡሱ አቀበቱ መሃል ቆሞ ሲጨስ እኔ ክላክስ እየነፋሁ አልፈው ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ከኮሶዬ ስወርድ፣ ሁለት ትልልቅ የኮሶ ዛፎች ያሉበት ኩርባ ላይ፣ በጋቢናው እግር ማስቀመጫ በኩል ካለው የሙቀት ቱቦ "እህህህ…" የሚል ነገር ሰማሁ፣ በጣም የደከመው ሰው እንደሚያቃስተው ያለ። ኩርባውን ሳልፍ ተወኝ። አያ ሙጬ ሳቁብኝ፣ ማራገቢያው የሚገፋው ነፋስ ቱቦው ውስጥ ያለውን ክዳን ሲመታው ነው ብለው ክዳኑን አጠበቁልኝ፣ እኔም የሳይንስ ሰው ነኝና በደስታ ተቀበልኩ። በማግስቱ እዚያው ኩርባ ላይ አቃሰተ፣ ትንሽ ቀነስ ብሎ።

ቀጥሎ ወንበሩ መጣ። ያው ኩርባ ላይ ስደርስ "ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ" እያለ በሐዲዱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ማንም ሳይነካው ማለት ነው፣ ከዚያም መደገፊያው ቀስ ብሎ ይጋደማል። አያ ሙጬ ጥርሱ ተበልቷል አሉና በብየዳ አጣበቁት፣ ከዚያ ወዲህ በበሬ ብትጎትተው አይነቃነቅም። እመነኝ፣ በማግስቱ ወንበሩ ፍንክች አላለም፤ "ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ" የሚለው ድምፅ ግን መጣ። በዚህ ላይ ጠዋት በሯን ስከፍት የቁስል መድኃኒት ይሸተኝ ጀመር። የድሮው ቆዳ ውስጥ የገባ ሽታ ነው አልኩ። ቆዳውን እኮ ከጣልነው ቆይተናል።

ለማንም አልተናገርኩም፣ ስንቱን ስስቅበት ኖሬ በምን አፌ! ብቻ ኩርባው ሲቃረብ ሳላስበው ቁርኣን መቅራት ለመድኩ።

ያ ቀን ሰኔ ውስጥ ነው፣ የፈተና ሰሞን። ወረቀት አርሜ ከኮሶዬ የተነሣሁት ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው፣ ዝናቡ አባርቶ ጉሙ ከገደሉ እየተነሣ መንገዱን መዋጥ ጀምሯል። መብራት አበራሁ፣ ያ የኮራሁበት መብራት ነጭ ግድግዳ ከማሳየት በቀር የረባ ነገር አላሳየኝም። በእግር እንደሚሄድ ሰው እየተንፏቀቅኩ ሰዓቴን አያለሁ፣ እናቴን አስባለሁ። ኮሶ ዛፎቹ ጋ ልደርስ ስል ቱቦው ዝም አለ፣ ወንበሩም ዝም አለ፣ ተመስገን ብዬ ትንፋሽ ሳልጨርስ መኪናዋ ከበደች። ቁልቁለት እየወረድኩ ነው እኮ! ነዳጅ እሰጣለሁ፣ ሙሉ ቤተሰብ የጫነች ይመስል ወደ ጋቢናው በኩል ዘንበል ብላ ትጎተታለች። የመድኃኒቱ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው።

ያኔ አየኋቸው። ጋቢ የተከናነቡ አራት ሰዎች ቃሬዛ በትከሻቸው ይዘው መንገዱ ዳር ቆመዋል፣ አንድ ሽማግሌ ከፊታቸው አለ። ቃሬዛው ላይ ያለው ሰው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል፣ አንድ እጅ ብቻ ተንጠልጥሏል፣ የሴት እጅ ነው፣ አንጓው ላይ ጥቁር ክር ታስሯል። የቮልስ ጩኸት እንኳን ከአሥር እርምጃ ከማዶ ጋራ ይሰማል፤ ከተሸካሚዎቹ አንዱም ራሱን አላዞረም።

በእኛ አገር ቃሬዛ ያየ ሰው እንዴት እንደሚያደርግ ታውቃለህ። ባዳም ይሁን ዘመድ፣ ቸኩሎም ይሁን አይሁን፣ ወርዶ ትከሻውን ይሰጣል፣ አሥር እርምጃም ቢሆን ተሸክሞ ነው የሚያልፈው፤ እኛም እስላሞቹ ጀናዛ ተሸክመው ሲያልፉ ስናይ እንዲሁ ነን፣ ክርስቲያን እስላም የለውም። እኔም ፍሬን ይዤ እጄን በሩ ላይ አደረግኩ፣ ልወርድ ነበር፣ ይህን በደንብ ያዝልኝ፣ ልወርድ ነበር።

ሽማግሌው እኔን ሳያዩ ቀጥ ብለው በጋቢናው በኩል መጡና በሩን ከፈቱት። ከውስጥ ቆልፌው ነበር፣ ወላሂ ቆልፌዋለሁ፣ ወይም የቆለፍኩ መስሎኝ ነበር። ጎንበስ አሉ፣ ፊታቸው በጋቢው ተሸፍኖ ጢማቸው ብቻ ይታየኛል።

"ምነው ዘገየህ አያ ደስታ?" አሉኝ። "ስንጠብቅህ ዋልን።"

"እኔ… ደስታ አይደለሁም" አልኩ።

"ይቺን እያወቅናት?" አሉና ጣሪያዋን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። ከዚያ እጃቸውን ሰድደው ወንበሩን ዳበሱት፣ ከላይ እስከ ታች ዳበሱት፣ የሆነ ነገር የጠፋባቸው ይመስል። "ይኸን ደግሞ ማን አስገባብህ? የት ልትተኛ ነው እሷ?"

ወዲያው ከቃሬዛው በኩል ድምፅ መጣ። "እህህህ…" አለች። ያው ነው፣ ወዳጄ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቱቦው የሰማሁት ያው ድምፅ ነው፣ አነሣሡም አወዳደቁም። አጠገቤም "ጠቅ" አለ።

ያንን ስሰማ አልቻልኩም። ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩት፣ መኪናዋ ዘለለች፣ የተከፈተው በር እየተወዛወዘ፣ ሽማግሌውን ገፍቻቸው ይሁን አይሁን ሳላውቅ አልፌ ሄድኩ። በስፖኪዮ ሳይ ቃሬዛውን መሬት ላይ እያሳረፉት ነው። አንዳቸውም አልጮሁም፣ ድንጋይ የወረወረም የለም፣ ያቺ የተንጠለጠለችው እጅ ብቻ ትንሽ ከፍ ያለች መሰለኝ። ከዚያ ጉሙ ዋጣቸው። መኪናዋ ወዲያው ቀለለች፣ ሽታው ጠፋ፣ በሩን ለመዝጋት እንኳ ሳልቆም ጎንደር ገባሁ።

ቤት የደረስኩት ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። መርፌውን ልወጋት ክንዷን ስይዛት፣ እናቴ ዓይኗ ባያይም አወቀችብኝ።

"ምን ሆነሃል? እጅህ በረዶ ሆኗል" አለች።

ሁሉንም ነገርኳት፣ ቱቦውን፣ ወንበሩን፣ ሽታውን፣ ሽማግሌውን። ትፈራለች፣ አዑዙ ቢላሂ ትላለች፣ ዱዓ ታደርግልኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሰምታ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"እጇን ነካኸው?"

"የማንን?"

"የሴትዮዋን ነዋ! ይሙቅ ይቀዝቅዝ አይተሃል?"

"አላየሁም እማዬ፣ አልወረድኩም።"

"ታዲያ ጅን ትሁን ምጥ የያዛት ሴት ትሁን በምን አወቅህ?" አለች። ስለ እሷ መርፌ፣ ስለ ሰዓቱ መናገር ስጀምር እጇን አነሣችብኝ። "በእኔ አታሳብብ ጀማል። እኔን ምክንያት አድርገህ ሰው ጥለህ እንዳትመጣብኝ። ትከሻህን አልሰጠህም።"

ያንን ስትለኝ ከኩርባው ይልቅ ያኔ ፈራሁ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከጅን ያመለጥኩ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ነው፣ በማለዳ አያ ሙጬን ይዤ ወጣሁ። ጉም የለም፣ ፀሐይ ነው፣ ኩርባው እንደማንኛውም ኩርባ ነው። ከኮሶ ዛፎቹ ሥር ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ እንጨቶች ተጥለው አገኘን፣ ጫፋቸው በተሸካሚ ትከሻ እንደሚለሰልሰው ለስልሷል። አያ ሙጬ አገላብጠው አዩና "የቃሬዛ ሊሆን ይችላል፣ የአጥርም ሊሆን ይችላል" አሉ። ከዚያ ዝቅ ብላ ምግብ የምትሸጠው ሴትዮ ትናንት ቃሬዛ አላየሁም አለች። አንድ ገበሬ ደግሞ "ቃሬዛ? ስንቱ ያልፋል!" አለኝ። አምባ ጊዮርጊስ ጤና ጣቢያ ጠየቅኩ፣ ጎንደር ሐኪም ቤት ጠየቅኩ፣ በዚያ ቀን ከዚያ በኩል የመጣች ሴት አልተመዘገበችም። ግን አስበው፣ መንገድ ላይ የቀረችን ሴት ማን ይመዘግባታል?

እትዬ ጥሩ ዘንድም ሄድኩ። ስነግራቸው አልደነቃቸውም፣ የሽማግሌውን ቁመትና ጢም ጠይቀውኝ መለየት አልቻሉም። "የቆላው ሰው እኮ መሞቱን ያልሰማ ብዙ ነው" አሉኝ። "አምና እንኳ ከሳንጃ በኩል ሰሊጥ ልከውልኝ፣ አያ ደስታ ደህና ነው ወይ ብለው አስጠይቀዋል። መኪናዋን ያየ እሱ ነው የሚመስለው።"

ይኸን ከሰማሁ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ሽማግሌው ያሉት ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ ሕይወት ያለው ሰው የሚለው ነው። ቆላ ወርዶ፣ አቀበት ወጥቶ፣ መኪናዋን አይቶ የተማመነ ሰው የሚለው ነው። የቱቦውን ድምፅና የወንበሩን ነገር ግን የት ላድርገው? ሶላት ላይ ተደፍቼ "ያ ረቢ፣ ጅን ይሁኑ፣ ጅን አድርግልኝ" ብዬ ዱዓ ያደረግኩ እኔ ነኝ፣ ያ የአስተማሪዎች ክፍሉ ሳቂታ!

ወንበሩን በመጋዝ አስቆርጬ አወጣሁትና ሳንቃውን መልሼ አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ በሽተኛም፣ አሮጊትም፣ ሙክት የያዘም አላልፍም፣ ለሁሉም እቆማለሁ፣ ልክ እንደቆምኩም ወርጄ እጃቸውን እጨብጣለሁ፣ እስኪሞቀኝ ድረስ አልለቅም። ሰዎቹ ትሁት አስተማሪ ይሉኛል። የቱቦው ማቃሰትም ሆነ ያ ጠቅ ጠቅታ ከዚያ ቀን ወዲህ ተሰምተው አያውቁም።

መስከረም ላይ ተማሪ ስንመዘግብ አንድ ሰው ሰባት ዓመት የሚሆናትን ልጅ ይዞ መጣ። ጠረጴዛዬ ጋ ከመድረሱ በፊት በር ላይ ቆሞ ውጭ ያለችውን ቮልስ ለረጅም ጊዜ አየ። ስሟን ጠየቅኩ፣ ትርንጎ አለኝ። የአባት ስም ጻፍኩ፣ የእናት ስም ጻፍኩ፣ "እናቷ አለች?" ስለው "የለችም" አለኝ። ቅጹ ከዚያ በላይ አይጠይቅም።

"መቼ ነው ያረፈችው?" አልኩት።

"ሰኔ" አለ፣ ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል።

የት ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። በምን ብዬም መጠየቅ ነበረብኝ። እጄን ብቻ ዘረጋሁለት፣ እሱ ግን ዱላውን አነሣና "ልጄን አደራ፣ የኔታ" ብሎ ሳይጨብጠኝ ወጣ። ጨዋ ገበሬ እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም፣ ወይም ደግሞ እጄን አላየው ይሆናል።

ትርንጎ ቤታቸው በመንገዴ ላይ ስለሆነ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ማታ ማታ አወርዳታለሁ። ሌሎቹ በሩ ሲከፈት ሳንቃው ላይ ይራገጣሉ፣ ይተኛሉ፣ ይጣላሉ። እሷ የመጀመሪያ ቀን ልትገባ ስትል ቆመች፣ ነጠላዋን ሰበሰበች፣ የሳንቃውን ጠርዝ ጠርዙን ይዛ በጥንቃቄ አለፈችና የኋላ ወንበር ላይ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። ጫማዋ ጭቃ ስለሆነ ነው፣ በደንብ ያደገች ልጅ ነች አልኩ። ከዚያ በኋላ ግን በየቀኑ እንዲሁ ነው፣ ደረቅ ቀንም ጭምር።

አንድ ቀን አንዱ ልጅ ሮጦ መጥቶ ደብተሩን ይዞ ሳንቃው ላይ ሊወረወር ሲል እጀ ጠባቡን ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችው። "ቀስ በል!" አለችው በሹክሹክታ፣ የተቆጣች ትልቅ ሰው መስላ። ልጁ ሳቀና ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ምኑን ነው ቀስ የሚለው ብዬ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ፣ በስፖኪዮ አየችኝ፣ እኔም አፌን መልሼ ዘጋሁና ሞተር አስነሣሁ። ዓመቱን ሙሉ አመላለስኳት፣ አልጠየቅኳትም።